ደም ባይፈስም፦ ተማሪዎችን ስለ ጭንቅላት ጉዳት የማስተማሪያ ዝርዝር መመሪያ

አራተኛ ክፍል ሳስተምር የሆነ ነው። አንድ ተማሪዬ በእረፍት ሰዓት ከግቢው አጥር ጥግ ካለችው የዘይቱን ዛፍ ላይ ወደቀ። ማንም አላየውም። አቧራውን አራገፈና ክፍል ገባ። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። «ተነስ እንጂ፣ ሌሊት ምን ስትሠራ ነው ያደርከው?» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። ወዲያው እግሬ ሥር አስመለሰው።

ሐኪም ቤት ደርሶ ዳነ። ተመስገን ነው። ከሳምንት በኋላ ግን ብቻውን ጠርቼ ጠየቅኩት። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ዛፍ ላይ ወጣህ ብለው ይመቱኛል ብዬ ነው ቲቸር። ደግሞ ደም አልነበረውም።»

የማስተምረው ነገር ሁሉ ከዚህ መልስ ነው የተነሳው። ልጆቻችን ስለ ጭንቅላት ጉዳት ሁለት ነገር ይዘው ያድጋሉ። አንዱ፣ ደም ካልፈሰሰ ደህና ነኝ የሚል ነው። ሌላው፣ ከተናገርኩ እቀጣለሁ የሚል። ሄልሜትና ዜብራ ማስተማር ተገቢ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሳይነቀሉ ግን ትምህርቱ ግማሽ መንገድ ይቀራል።

መመሪያው ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ለሚያስተምሩ ነው። እያንዳንዳቸው 40 ደቂቃ የሆኑ አራት ክፍለ ጊዜዎችና አንድ አጠር ያለ የወላጆች ክፍለ ጊዜ ይበቃሉ። የሳይንስ፣ የስፖርት ወይም የሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

መጀመሪያ እናንተ ይህን እወቁ

የትልቅ ሰው አንጎል 1.3 ወይም 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ልስላሴው የረጋ እርጎን ያስታውሳል። በጠንካራ አጥንት ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ ነው የሚቀመጠው። ራስ በድንገት ሲመታ ወይም ክፉኛ ሲናጥ አንጎሉ ይንቀሳቀስና ከውስጥ አጥንቱን ይመታል። አንዳንዴ ተመልሶ በሌላኛው በኩልም ይመታል። ግንባሩን የተመታ ልጅ በማጅራቱ በኩል ያለው የአንጎሉ ክፍል ሊጎዳ የሚችለው ለዚህ ነው። ላዩ ላይ ቆዳው እንኳን ላይላጥ ይችላል።

ልጆች ላይ ነገሩ ይብሳል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ራስ የቁመቱ ሩብ ያህል ነው። የአዋቂ ሰው ግን አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው። የልጅ ራስ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው፤ የአንገቱ ጡንቻ ደግሞ ገና አልጠነከረም። ሲወድቁ ራሳቸው የሚቀድመው ለዚህ ነው።

አንድ ስህተት ደግሞ ከመምህራንም እሰማለሁ። «ራሱን አልሳተም እኮ!» ይባላል። ሐኪሞች ኮንከሽን የሚሉት ቀላሉ የአንጎል ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ራስን ሳያስት ነው የሚደርሰው። ምልክቱም ወዲያው ላይታይ ይችላል። ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ይመጣል።

ደረጃ 1፦ ደብተር ይዛችሁ ግቢውን ዙሩ

ከማስተማራችሁ በፊት አንድ ሙሉ የእረፍት ሰዓት ቆማችሁ እዩ። ልጆቹ የት ይሮጣሉ? ምን ላይ ይወጣሉ? የሚገፋፉት የት ነው?

እኔ መጀመሪያ ስዞር አምስት ነገር ጻፍኩ። የውሃ ቧንቧው አጠገብ ያለው ሲሚንቶ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። የጎል ብረቱ መሬት ውስጥ አልተቀበረም፤ አንድ ልጅ ሲንጠለጠልበት ይወዛወዛል። የሁለተኛው ፎቅ ደረጃ መደገፊያው ተነቅሏል። ከአጥሩ ውጪ የተቆፈረ ጉድጓድ ክዳን የለውም። አምስተኛው ያቺው የዘይቱን ዛፍ ናት።

የጎል ብረቱን አደራ። ያልታሰረ የጎል ብረት ልጅ ላይ ተገልብጦ ሊገድል ይችላል። ማስተካከያው ሁለት ጉድጓድና ጥቂት ሲሚንቶ ነው። ለርዕሰ መምህሩ በቃል አትንገሩ። ጽፋችሁ ስጡ፣ ግልባጩን ያዙ። በወረቀት የገባ ነገር ክትትል አለው።

ቀጥሎ ልጆቹን በቡድን አድርጋችሁ አዙሯቸው። ራሳቸው «አደገኛ ቦታ» የሚሉትን በጠመኔ ያክብቡ። እናንተ ያላያችሁትን ያሳዩአችኋል። የእኔ ተማሪዎች ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ጣሪያ ላይ የሚያወጣ መንገድ አሳይተውኛል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አላየሁትም ነበር።

ደረጃ 2፦ ከልጆቹ በፊት አዋቂዎቹ

ይህን ደረጃ መዝለል ቀላል ነው። እባካችሁ አትዝለሉት።

ኩርኩም ያደግንበት ነገር ነው። ጆሮ ግንድን በጥፊ ማለትም እንዲሁ። አንድ ኩርኩም አንጎል ያቆስላል እያልኩ አይደለም። ግን ልጁን ምን እናስተምረዋለን? ራስ የሚመታ ቦታ ነው ብለን ነዋ። ከዚያ ዞረን «ራሳችሁን ጠብቁ» ብንል ማን ይሰማናል? ደግሞ የሚኮረኩመውን መምህር ማን ልጅ ሄዶ «ቲቸር፣ ወድቄ ራሴን ተመታሁ» ይለዋል?

ሕጉም ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

ስለዚህ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ከመምህራኑ፣ ከጥበቃውና ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። በሁለት ነገር ተስማሙ። የማንም ልጅ ራስ አይመታም። ራሱን ተመትቶ የመጣ ልጅም በዚያ ቀን በምንም ምክንያት አይቀጣም፤ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቢሆንም፣ ከክፍል ኮብልሎ ቢሆንም። የዲሲፕሊኑ ጉዳይ ልጁ ደህና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ይታያል።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፣ እንቁላሉ

የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ጥሬ እንቁላል፣ አፉ ሰፊ የሆነና ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የላስቲክ ብልቃጥ፣ ውሃ፣ የስፖንጅ ቁራጭና ፌስታል ነው። ያለቀ የለውዝ ቅቤ ብልቃጥ ተስማሚ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ሞክሩት። ምን ያህል መናጥ እንዳለባችሁ እጃችሁ ይልመደው።

አንደኛውን እንቁላል ለልጆቹ አሳዩና ስም ያውጡለት። የእኔዎቹ «ጎበዜ» አሉት። ዓይንና አፍ በእስክሪብቶ ሳሉለት። ጎበዜን ብልቃጡ ውስጥ አስገቡ፣ በውሃ ሙሉት፣ ክደኑ። «ብልቃጡ የራሳችን አጥንት ነው። ውሃው አንጎላችን ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ነው። ጎበዜ ደግሞ አንጎላችን።»

መጀመሪያ በቀስታ አወዛውዙት። ምንም አይሆንም። ውሃው ይጠብቀዋል። «ስንራመድ፣ ስንዘል፣ ስንጨፍር እንዲህ ነው» በሉ። ቀጥሎ በኃይል ናጡትና በድንገት አቁሙ። ሁለት ሦስቴ ድገሙት። እንቁላሉ ይሰነጠቃል፤ ውሃው ይደፈርሳል።

አሁን አትናገሩ። ብልቃጡን ከዴስክ ዴስክ አዙሩት። «ብልቃጡ ላይ ጭረት ፈልጉልኝ» በሉ። ይፈልጋሉ። ያገላብጡታል። ወደ መስኮቱ ያነሱታል። መጨረሻ ላይ አንዱ «ምንም የለውም» ይላል። ያቺን ጠብቁ። «አዎ፣ ውጪው ምንም የለውም። ደም የለም፣ ቁስል የለም። ጎበዜስ?»

ይህ ጸጥታ ከአንድ ሰዓት ንግግር ይበልጣል።

ግን እዚህ ላይ አትተዋቸው። ትንንሾቹ ይፈራሉ። አንዷ ልጅ «የእኔ ወንድም ከአልጋ ወድቋል፣ ተሰነጠቀ ማለት ነው?» ብላ ማልቀስ ጀምራብኛለች። አንጎል እንቁላል እንዳልሆነ ንገሯቸው። ቀላል ጉዳት የደረሰበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በአራት ሳምንት ውስጥ ይድናል። የሚድነው ግን እረፍት ሲያገኝ ነው፤ እረፍት የሚያገኘው ደግሞ ሰው ሲያውቅለት።

ሁለተኛውን እንቁላል በስፖንጁ ጥቅልል አድርጉና በፌስታል ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ከዴስክ ላይ ልቀቁት። ደህና ሆኖ ሲወጣ ያጨበጭባሉ። ሄልሜት የሚሠራው እንዲህ ነው። ምቱን በሰፊው ይበትነዋል፤ ራስ በድንገት ሳይሆን ቀስ ብሎ እንዲቆም ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የሞተር ሳይክል ሄልሜት በትክክል ሲደረግ በአደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል። ማሰሪያው ካልተቆለፈ ግን መጀመሪያ የሚበረው ሄልሜቱ ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላይ ብስክሌት የብዙ ልጅ እግር ነውና እዚያ ይህን ክፍል አስረዝሙት። ሄልሜቱ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ላይ ይረፍ። ማሰሪያው ከአገጭ ሥር ይቆለፍ። አንዴ ክፉኛ የተመታ ሄልሜት ሌላ ጊዜ አያገለግልም።

እንቁላል ማባከን የሚከብድበት ቦታ ሁለተኛውን ሙከራ በበሰለ ቲማቲም መሥራት ይቻላል። አንዱን በስፖንጅ ጠቅልሉት፣ ሌላውን እንዲሁ ልቀቁት።

ደረጃ 4፦ ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ አደጋው የሚመጣው ከየት ነው?

እዚህ ጋ የሌላ አገር መጽሐፍ ግልባጭ አያዋጣም። የበረዶ ሸርተቴ ምሳሌ ለእኛ ልጅ ምን ያደርግለታል? የእኛን ልጆች የሚጎዳቸውን አስተምሩ።

መንገድ ቅድሚያውን ይይዛል። በዓለም ላይ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች በብዛት የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው። ይህን ቁጥር ለልጆቹ አትንገሩ፤ ለወላጆች አቆዩት። ልጆቹን ሜዳ አውጧቸው። ሜትር ወይም በልክ የተቆረጠ ገመድ ይዛችሁ 14 ሜትር ለኩ። አንዱን ልጅ አንደኛው ጫፍ፣ ሌላውን ሁለተኛው ጫፍ ላይ አቁሙ። «በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከዚህ እዚያ የሚደርሰው አንድ ጊዜ ስታጨበጭቡ ነው» በሉ። አጨብጭቡ። ከዚያ 8 ሜትር ላይ ሌላ ልጅ አቁሙ። ያ የ30 ኪሎ ሜትሩ ነው። ሹፌሩ አይቷችሁ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርግ ብቻ አንድ ሰከንድ ይሄዳል። መኪናው እስከዚያ ገና ማቆም እንኳን አልጀመረም።

ከ9 ወይም ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሚመጣን መኪና ፍጥነት በደንብ መገመት አይችልም። ተግሳጽ ይህን አይቀይረውም፤ ገና አልበሰለም። ስለዚህ ለትንንሾቹ ደንቡ አንድ ነው። ትልቅ ሰው እጅ ሳይዙ አስፋልት አይሻገሩም። ከፍ ላሉት ደግሞ ቆም፣ ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ፣ ከዚያ መራመድ። ዜብራ ላይም ቢሆን ሹፌሩ ዓይናችሁን ማየቱን ሳታረጋግጡ አትውጡ። የእግረኛ መንገድ ከሌለ ግራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ መኪናው ከፊት ይምጣ። ከታክሲ ስትወርዱ በፊቱ አትሻገሩ፤ እስኪሄድ ጠብቁ። ኳስ አስፋልት ከገባች ኳሷ የመኪናው ናት።

በመኪና ለሚሄዱ ደግሞ ልጅ ከኋላ ወንበር፣ ቀበቶ ታስሮ። ሞተር ላይ በሁለት አዋቂ መሃል ተጣብቆ መሄድ አደጋ ነው። የጭነት መኪና ኋላ ላይ መንጠልጠልን ለብቻው አውሩ፤ እጃቸውን ሲያወጡ ታያላችሁ፣ ብዙዎቹ አድርገውታል። አትቆጡ። «ሲታጠፍ ምን ተሰማህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ራሳቸው ይነግሯችኋል።

አዲስ አበባ ያላችሁ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን «መንገድ ለሰው» ተጠቀሙበት። መኪና በሌለበት አስፋልት ላይ ዜብራ መሻገርን ማለማመድ የመሰለ ነገር የለም።

ከፍታ ሁለተኛው ነው። ዛፍ፣ ጣሪያ፣ በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃና የባሕር ዛፍ መወጣጫው። «ዛፍ ላይ አትውጡ» ብሎ መከልከል አይሠራም። እኔ የምለው «እጄ ከሚደርስበት በላይ አትውጡ» ነው። ይህን ይቀበሉታል።

ድንጋይ ሌላው ነው። ማንጎና ዘይቱን በድንጋይ ሲያወርዱ ድንጋዩ ሌላ ልጅ ራስ ላይ ያርፋል። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ባሉበት ወንጭፍም አለ። ደንቡ፦ ሰው ወዳለበት አቅጣጫ ድንጋይ አይወረወርም፤ ፍሬ በረጅም እንጨት ይወርዳል። ፈረስ፣ በቅሎና አህያ በኋላቸው አይታለፍም። ይህን የገጠር ልጅ ከእናንተ በላይ ያውቃልና እሱ ያስተምር።

ገና ሲደርስ ደግሞ አለ። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል። ጌታው ባይቆጣም ዱላው ግን ራስ ያገኛል። ጨዋታው ውብ ነው፤ አትከልክሉ። ዱላው ከወገብ በላይ እንዳይነሳ ከመጀመሩ በፊት ተስማሙ።

ወንበር መሳብን እንዳትረሱ። ጓደኛው ሊቀመጥ ሲል ከሥሩ ወንበሩን መሳብ ትልቁ መሳቂያቸው ነው። የሚወድቀው ልጅ የሚያርፈው በማጅራቱ ነው፤ እጁን ለማስቀደም ጊዜ የለውም። በአንዱ ቦርሳ ላይ አሳዩአቸው። ቦርሳውን ወንበር ላይ ሊያስቀምጡ ሲሉ ሌላው ይሳበው። ድምፁን ይስሙ።

ለታላላቆቹ፣ በተለይ ቤት ሕፃን የሚይዙ ልጆች ላሉበት ክፍል፣ አሥር ደቂቃ ለሕፃናት ስጡ። የሚያለቅስን ሕፃን በንዴት መናጥ አንጎሉን ሊያደማ፣ ዓይኑን ሊያጠፋ፣ ሊገድለው ይችላል። ወደ ላይ መወርወርም ይቅር። «ልቅሶው ሲያሰለቻችሁ ሕፃኑን ፍራሽ ላይ አስተኙት፣ ራቅ በሉ፣ ትልቅ ሰው ጥሩ።» ይህን ማንም ነግሯቸው አያውቅም። የ12 ዓመት ልጅ ላይ ሕፃን ጥለን የምንወጣው እኛ ነን፤ ማስተማሩም የእኛ ነው።

ደረጃ 5፦ አራተኛው ክፍለ ጊዜ፣ መናገር

ለእኔ ዋናው ይህ ነው።

ልጅ «ኮንከሽን ይዞኛል» አይልም። የሚለውን ቃል ስጡት። ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦ ራሴን ያመኛል። ያዞረኛል። ያጥወለውለኛል። ዓይኔ ብዥ ይልብኛል። ጆሮዬ ጭው ይላል። ብርሃን ይረብሸኛል። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። የሆነውን ረሳሁት። አማርኛ ቤታቸው የማይነገር ልጆች ካሉ በራሳቸው ቋንቋ ጎን ለጎን ይጻፍ።

ከዚያ ጭውውት ያድርጉ። አንዱ የወደቀ፣ አንዱ ጓደኛ፣ አንዷ መምህር፣ አንዷ እናት። መጀመሪያ መጥፎውን ይሥሩ፦ «ተነስ፣ ወንድ አይደለህ!»፣ «ምንም አልሆንክም፣ ኳሱን አምጣ!» ቀጥሎ ጥሩውን።

እኛ ሰው ሲወድቅ «እኔን!» እንላለን። ከዚህ የሚበልጥ የርኅራኄ ቃል የለም። ልጆቹን «እኔን!» ካላችሁ በኋላ ሁለት ጥያቄ ጨምሩ በሏቸው። «ራስህን ተመታህ? ምን ይሰማሃል?» ከዚያ ለትልቅ ሰው ይነገራል። ጓደኛው «አትናገር» ቢልም። ለትልቅ ሰው መንገር ማሳበቅ እንዳልሆነ ደጋግማችሁ አስረዱ። አሳባቂ ጓደኛውን ለማስቀጣት ነው የሚናገረው፤ ይሄኛው ጓደኛውን ለማዳን።

ኳስ ተጫዋቾቹን ለብቻ ያዙ። ራሱን የተመታ ተጫዋች በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም። ውጤቱ አንድ ለአንድ ቢሆንም። ያልዳነ አንጎል ላይ ሁለተኛ ምት ሲጨመር አንጎሉ በፍጥነት ሊያብጥ ይችላል። አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው፤ ሲያጋጥም ግን ይገድላል ወይም ዕድሜ ልክ ያሰናክላል። አሜሪካ ውስጥ ዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን በሕግ የደነገገችው ዛከሪ ሊስቴት የሚባል ልጅ በ13 ዓመቱ ተመትቶ ወደ ጨዋታ ከተመለሰ በኋላ ክፉኛ በመጎዳቱ ነው። ዛሬ ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። ሲያትልም ሆነ ዲሲ አካባቢ የምትኖሩ ወላጆች ልጃችሁ ቡድን ሲገባ ከትምህርት ቤት የሚላክላችሁ ወረቀት ስለዚሁ ነው። ሳታነቡ አትፈርሙ።

ደረጃ 6፦ ሲደርስ ምን እናድርግ?

ይህ ክፍል ለመምህራንና ለታላላቅ ተማሪዎች ነው። የቀይ መስቀል ክበብ ካላችሁ እነሱ ይያዙት።

ልጁ ከወደቀበት አፈፍ አድርጋችሁ አታንሱት። አንገቱም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ባለበት ረጋ ብሎ ይቆይ። ስሙን፣ ያለበትን ቦታ፣ ምን ሲያደርግ እንደነበር ጠይቁት። ራሱን ከሳተ ትንፋሹን እዩ። የሚተነፍስ ከሆነ አታነቃንቁት። የሚያስመልሰው ወይም አፉ ውስጥ ደም ያለ እንደሆነ ግን ራሱ፣ አንገቱና ጀርባው አንድ መስመር ላይ እንደሆኑ፣ ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ በጎኑ አዙሩት። የሚደማ ቁስል ካለ በንጹሕ ጨርቅ ያዙት። አጥንቱ የጎደጎደ ከመሰላችሁ ግን አትጫኑት።

የሚከተሉት አንዱም ቢታይ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል፦

- ራስን መሳት፣ ወይም ሲጠሩት ለመንቃት መቸገር
- ደጋግሞ ማስመለስ
- መንቀጥቀጥ
- እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት
- ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ ደም ወይም ንጹሕ ውሃ መሰል ፈሳሽ መውጣት
- የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው መተለቅ
- አንደበት መተሳሰር፣ እጅ ወይም እግር መዛል
- ሰው መለየት አለመቻል፣ ያልተለመደ ጠባይ

የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ በ939 ይገኛል። ቁጥሮቹን በትልቁ ጽፋችሁ ቢሮው በር ላይ ለጥፉ።

የማይደረጉት ደግሞ አሉ። ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት አይነሰነስም። አናቱ ላይ ቅቤ አይደረግም። እብጠቱ አይታሽም። ወጌሻ ለተወለቀ ትከሻ ይኬድበት ይሆናል፤ ለራስ ጉዳት ግን አይሆንም። ሐኪም ሳያየው አስፒሪን ወይም አይቡፕሮፌን አይሰጥ፤ ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ይችላሉ። ልጁ ከአደጋው በኋላ ቢንቀጠቀጥ ቀጥታ ወደ ሐኪም።

«እንዳይተኛ!» የሚለው ምክርም ብዙ ቤት አለ። እንቅልፍ በራሱ አይጎዳም። የሚያስፈራው ልጁ ሲቀሰቅሱት አልነቃ ሲል ነው። አደገኛ ምልክት የሌለበት ልጅ ይተኛ፤ ቤተሰብ ግን በየመሃሉ ይየው። በመጀመሪያዎቹ ከ24 እስከ 48 ሰዓቶች ብቻውን አይሁን።

ቀላል ቢመስልም ወላጅ ይደወልለት። ልታናግሯቸው ካልቻላችሁ ብጣሽ ወረቀት ላይ «ዛሬ በ4 ሰዓት ወድቆ ራሱን ተመቷል፤ እስካሁን ይህ ይህ ታይቷል» ብላችሁ ጻፉ። ልጁን ብቻውን ወደ ቤት አትስደዱት።

ደረጃ 7፦ ሲመለስ

ብዙ ትምህርት ቤት የሚረሳው ይህን ነው። ልጁ ፋሻ የለውም፣ ደህና ይመስላል። ከዚያ ንባብ ሲሰጡት ራሱን ያመዋል። ይነጫነጫል። ትናንት ያወቀውን ይረሳል። «ሰነፈ» ይባላል።

አንድ ሁለት ቀን ቤቱ ይረፍ። ስልክና ቴሌቪዥን ይቀንስ። ከዚያ ቀስ በቀስ፦ መጀመሪያ ግማሽ ቀን፣ ከመስኮቱ ብርሃን ራቅ ብሎ፣ ፈተና ሳይኖር። ሲደክመው ራሱን ዴስክ ላይ እንዲያሳርፍ ፍቀዱለት። ስፖርት የመጨረሻው ነው። ሙሉ ቀን ትምህርት ያለ ችግር ከቻለ በኋላ፣ ሐኪም ሲፈቅድ፣ መጀመሪያ እርምጃ፣ ቀጥሎ ሩጫ፣ ቀጥሎ ብቻውን ኳስ ማንከባለል፣ መጨረሻ ላይ ከሌሎች ጋር ግጥሚያ። በየመሃሉ ቢያንስ አንድ ቀን። ምልክቱ ከተመለሰ ወደ ኋላ አንድ ደረጃ።

ደረጃ 8፦ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ የወላጆች ነው

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይ ሃያ ደቂቃ ጠይቁ። ልጆቹ ራሳቸው የብልቃጡን ሙከራ ይሥሩ። መምህር ሲናገር የሚያንቀላፋ ወላጅ ልጁ ሲናገር ቀና ይላል። ሚኒ ሚዲያውም በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ከሌሎች መልእክቶች ጋር አንዲት ምልክት በየሳምንቱ ያንብብ።

ወላጆቹን ቃል አስገቧቸው። «ልጄ ራሴን ተመታሁ ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ አቅፈዋለሁ፣ ቀጥሎ አየዋለሁ፣ ቁጣው ይቆየኛል።» አንድ አባት ተነስተው «እኔ ግን መቆጣት አልተውም፣ ዛፍ ላይ ወጥቶማ!» ብለው ነበር። ሌላ እናት መለሱላቸው። «ይቆጡት ጋሼ፣ ነገ ይቆጡት። ዛሬ ግን ይስሙት።»

ቢሮ ውስጥ ለዚህ ብቻ የሚሆን አንድ ደብተር አኑሩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን ሆነ፣ ማን ነገረን። የመጨረሻዋን አምድ ተከታተሉ። እኛ ጋ መጀመሪያ ላይ «መምህር አየ»፣ «ጥበቃ አየ» ነበር የሚጻፈው። ሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ላይ አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ታናሽ ወንድሟን እጁን ይዛ ቢሮ ገባች። «ከደረጃ ወድቆ ነው። ደም የለውም፣ ግን ብዥ ይለዋል» አለች። ደብተሩ ላይ «እህቱ» ብዬ ጻፍኩ።